ጎርፍ የቀበሌ ወሰን አያውቅም፦ ስለ ሐይቅና አምባሰል የመሬት አጠቃቀም ታሪክ

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ወልድያ የሚወስደውን አውራ ጎዳና የያዘ መንገደኛ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ ሐይቅ ከተማ ይደርሳል። ከከተማው ፈንጠር ብሎ ሐይቁ ተኝቷል። እንግዳ ሰው ሐይቁን ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ገዳሙ ነው፤ ማን መሠረተው? መቼ ተመሠረተ? ሴት ለምን አይገባም? እኔ ግን ሌላ ነገር ልጠይቅ። በድሮ መጻሕፍት «ደሴት» እየተባለ የሚጠራው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ዛሬ በእግር የሚኬድበት ለምንድን ነው? የጥንቶቹ መነኮሳት በታንኳ ይሻገሩት የነበረውን ዛሬ መንገደኛ ጫማውን ሳያርስ ይደርስበታል። ውሃው ከዳር ሸሸ፤ ደሴቱም ከየብስ ጋር ተጋጠመና ልሳነ ምድር ሆነ።

ይህ ጥያቄ ለመነኮሳቱ ብቻ የሚተው አይደለም። ጥያቄው የአፈርና የውሃ ጥያቄ ነው፤ የአፈርና የውሃ ጥያቄ ደግሞ ዞሮ ዞሮ የሰው ጥያቄ ነው። የሐይቁ ዕጣ የሚወሰነው በሐይቁ ዳር ሳይሆን ሐይቁን በከበቡት ተራሮች ላይ ነውና። ተራሮቹ ደግሞ የአንድ ቀበሌ አይደሉም። አንዱ ቀበሌ እርከን ሲሠራ ሌላው ዳገቱን ያርሳል፤ አንዱ ኮረብታውን ከከብት ሲከልል የሌላው ከብት ይገባበታል። ታዲያ ይህን ሁሉ ቀበሌ አንድ ሐሳብ ላይ የሚያውለው ማነው? አውራጃው ነው? ወረዳው ነው? መሐንዲሱ ነው? ወይስ ገበሬው ራሱ? በዚህ ጽሑፍ ለዚህ ጥያቄ በየዘመኑ የተሰጠውን መልስ ባጭሩ ለመመርመር እሞክራለሁ። መልሶቹ ብዙ ናቸው፤ የሠመሩት ግን ጥቂት ናቸው። ያልሠመሩበትን ምክንያት ማወቅ የእኛ የተማሪዎች ፋንታ ይመስለኛል፤ ለምን እንዲህ እንዳልሁ ወደ መጨረሻው አንባቢ ይረዳኛል።

1. አንድ አውራጃ፣ ሦስት የውሃ መንገድ

አምባሰል በቀድሞው የወሎ ክፍለ ሀገር ከነበሩት አውራጃዎች አንዱ ነበር፤ ዋና ከተማውም ሐይቅ ነበረች። ዛሬ አውራጃ የሚባል እርከን የለም፤ አገሩ ተሁለደሬ (ከተማው ሐይቅ)፣ አምባሰል (ከተማው ውጫሌ) እና ሌሎችም ወረዳዎች ተብሎ በደቡብ ወሎ ዞን ሥር ይተዳደራል። ውጫሌን ሁላችንም ከትምህርት ቤት እናውቃታለን፤ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክና ጣሊያኖች የተዋዋሉባት፣ በአንቀጽ 17 ትርጉም ምክንያት ወደ ዓድዋ ያደረሰን ውል የተፈረመባት ናት። የመስቀለኛው አምባ ግሸን ማርያምም በዚሁ በአምባሰል ምድር ነው።

የመሬቱን አቀማመጥ ልብ ያለ ሰው አንድ ነገር ይገርመዋል። ከአምባሰል ተራሮች በምዕራብ በኩል የወረደው ዝናብ ወደ በሽሎ፣ ከበሽሎም ወደ ዓባይ ይሄዳል። በምሥራቅ በኩል የወረደው ወደ ሚሌ፣ ከሚሌም ወደ አዋሽ ይወርድና በአፋር በረሃ ይቀራል። በመካከል ያለው ደግሞ የትም አይሄድም፤ ሐይቅ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ ሐይቁ መውጫ የለውምና። ከሐይቁ ከፍ ብሎ አርዲቦ የሚባል ሌላ ሐይቅ አለ። ከአርዲቦ የሚፈሰው ውሃ አንከርካ በሚባለው ወንዝ አማካይነት ወደ ታችኛው ሐይቅ ይወርዳል። ታችኛው ሐይቅ ስፋቱ ወደ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ጥልቀቱም 80 ሜትር የሚያልፍበት ቦታ እንዳለው ተለክቷል።

መውጫ የሌለው ሐይቅ ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ እናስብ። ከተራራ የታጠበ አፈር ሁሉ እዚያው ይቀራል። ወራጅ ወንዝ ቢሆን ደለሉን ለሱዳን ይሰጣል፤ ሐይቅ ግን የበላውን አይተፋም። ከላይ መስኖ ሲጠለፍ የሚወርደው ውሃ ይቀንሳል፤ ከላይ ዳገት ሲታረስ የሚወርደው አፈር ይበዛል። ስለዚህ ይህ ሸለቆ ለታሪክ ተማሪ የተመቸ ቦታ ነው። ሌላ አገር ላይ የተራራው ገበሬ ጥፋት የት እንደ ደረሰ አይታወቅም፤ ሐይቅ ላይ ግን ከዓይን ፊት ነው።

2. ከ1967 በፊት፦ ሁሉም ጌታ ነበረው፤ ዕቅድ ግን አልነበረውም

የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ታሪክ ከአባ ኢየሱስ ሞዓ ጋር ይያያዛል። ታደሰ ታምራት ስለ ገዳሙ አበምኔቶች የጻፉት ጥናት የሚጀምረው ከ1248 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ነው። ከይኩኖ አምላክ መነሣት ጋር በተያያዘው ትውፊት ገዳሙ ከቤተ መንግሥት ጋር ቃል ኪዳን እንደ ነበረው ይነገራል፤ የሐይቁም አበምኔት «ዓቃቤ ሰዓት» በሚለው ማዕረግ በንጉሡ አደባባይ ትልቅ ሰው ነበር። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ይህ ነው፦ ገዳም ማለት የጸሎት ቤት ብቻ አልነበረም፤ መሬት ያለው፣ ገባር ያለው፣ ዛፍ የሚጠብቅ ተቋምም ነበር። ዛሬም በልሳነ ምድሩ ላይ ዛፍ ያለው ገዳሙ ስላለ ነው።

ተራራው በሌላ በኩል የባላባቱ ነበር። አምባሰልን የሚገዛው ሹም «ጃንጥራር» ይባል ነበር፤ የእቴጌ መነን አባት ጃንጥራር አስፋው ከዚሁ ቤት ናቸው። ከጃንጥራሩ በታች ምስለኔው፣ ከምስለኔው በታች ጭቃ ሹሙ ነበር። እነዚህ ሁሉ መሬትን ያውቁት ነበር፤ ግን በምን ዓይን? በግብር ዓይን ነው። የ1937ቱ የመሬት ግብር አዋጅ መሬትን «ለም»፣ «ለም ጠፍ»፣ «ጠፍ» ብሎ በሦስት ሲከፍለው ጥያቄው «ይህ መሬት ስንት ያስገባል?» የሚል እንጂ «ይህ ዳገት ይታረስ ወይስ ይተው?» የሚል አልነበረም። ገዢው ክፍል ከመሬቱ የሚፈልገው ምርቱን ነው፤ ስለ አፈሩ ማሰብ የገባሩ ጣጣ ነበር።

ገባሩስ? ገባሩ ያለ ሥርዓት አልኖረም። የወል ግጦሽ ነበረ፤ መቼ እንደሚከለልና መቼ እንደሚለቀቅ አገሬው ይስማማ ነበር። ሥራ በደቦና በወንፈል ይሠራ ነበር። ከሁሉ በላይ በወሎ «ቅሬ» የሚባል ነገር አለ። ሌላው አገር «ዕድር» የሚለው ማለት ነው፤ ግን ቅሬ ሬሳ ለማንሣት ብቻ አይደለም። በቅሬ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብሮ ይቀመጣል፤ ጠብ ይታያል፤ የጋራ ሥራ ይታዘዛል። የቅሬን ትእዛዝ የጣሰ ሰው ፖሊስ አይመጣበትም፤ ነገር ግን ቤቱ ሰው ሲሞት ማን ይቀብርለታል? ከዚህ የበለጠ ቅጣት አለ እንዴ! እንግዲህ ቅሬ ትንሽ ነው፤ የሚይዘው አንድ መንደር ወይም ጥቂት መንደር ነው። የጃንጥራሩ ግዛት ደግሞ ትልቅ ነው። በመንደሩና በግዛቱ መካከል፣ ማለትም በሸለቆው ልክ፣ ተቀምጦ ስለ መሬት የሚመክር አካል ግን አልነበረም። ይህን ክፍተት እናስታውሰው፤ በኋላ እንመለስበታለን።

የ1965 እና የ1966ቱ ረሃብ ወሎን ሲመታ ይህ ሥርዓት ዋጋ እንዳልነበረው ታየ። ረሃቡ መደበቁ፣ ሲጋለጥም ዘውዱን ይዞ መውደቁ የታወቀ ነው፤ አልደግመውም።

3. የገመዱ ዘመን

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 ወጣ። ገባርነት ቀረ፤ ጭሰኝነት ቀረ፤ የገዳሙም የባላባቱም መሬት ለሚያርሰው ሆነ። ማንም ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝ ተወሰነ። ይህን ዛሬ ማንም ቢተች፣ ያን ዕለት ገበሬው በምን ደስታ እንደ ተቀበለው መካድ አይቻልም።

ለእኛ ጉዳይ ግን በአዋጁ ውስጥ አንዲት ቁጥር አለች፤ 800 ሄክታር፣ ማለትም 20 ጋሻ። አንድ የገበሬ ማኅበር የሚመሠረተው ቢያንስ በዚህ ስፋት ባለ መሬት ላይ ነው ተባለ። የማኅበሩ ሥራ ምንድን ነው ሲባል መሬት ማከፋፈል፣ መንግሥት የሚያወጣውን የመሬት አጠቃቀም መመሪያ መከተል፣ ሸንጎ ማቋቋም፣ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ማሠራት ተብሎ ተዘረዘረ። ከቀበሌው በላይ የወረዳ ማኅበር፣ ከወረዳው በላይ የአውራጃ ማኅበር እንዲኖር ተደነገገ፤ የእነዚህም ሥራ የታችኞቹን ማስተባበር ነው። በታኅሣሥ 1968 የወጣው አዋጅ ቁጥር 71 ይህንኑ አጠናከረው። በወረቀት ላይ ሲታይ እነሆ የምንፈልገው! ቀበሌዎች በወረዳ፣ ወረዳዎች በአውራጃ ተሰብስበው ስለ መሬታቸው የሚመክሩበት መሰላል ተሠራ ማለት ነው።

መሬት ላይ የሆነው ግን ሌላ ነው። የቀበሌውን ወሰን ማን አሰመረው? እዚህ ላይ ጉዳዩ ወደ እኛ ይመጣል። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 የእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ ወደ 60,000 የሚሆኑ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወጡ። ገበሬውን ያደራጁት፣ ማኅበር ያቋቋሙት፣ መሬት ሲከፋፈል የቆሙት እነርሱ ነበሩ። ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ ገመድ ይዞ ዳገትና ሜዳ ሲለካ ምን ያስብ ነበር? ፍትሕን ያስብ ነበር፤ ደግሞም ትክክል ነበር። ለማን ስንት ይድረሰው? የባላባቱ ወገን እንዴት ይነቀል? ጥያቄው ይህ ነበር። ውሃው ከየት ወዴት ይወርዳል የሚለውን የጠየቀ ጥቂት ነው። ስለዚህ ወሰኑ በአሮጌ አጥቢያ፣ በመንገድ፣ በገደል፣ በወንዝ ተሰመረ። ወንዝ ደግሞ ለአሰማሪ ይመቻል፤ ከሩቅ ይታያላ! ነገር ግን ወንዝን ወሰን ያደረገ ሰው አንዱን ሸለቆ ለሁለት ሰንጥቆታል ማለት ነው። የግራው ዳገት የአንዱ ማኅበር፣ የቀኙ ዳገት የሌላው፣ መካከል ያለው ቦረቦር የማንም።

በዚያ ላይ መሰላሉ የተሠራው ከታች ወደ ላይ እንዲወጣበት ቢሆንም ብዙም ሳይቆይ ከላይ ወደ ታች መውረጃ ሆነ። የአውራጃው ማኅበር የገበሬውን ቃል ወደ መንግሥት ከማድረስ ይልቅ የመንግሥትን ኮታ ወደ ገበሬው አደረሰ፤ የእህል ኮታ፣ የወታደር ኮታ፣ የመዋጮ ኮታ። እንዲህ ያለ አካል በነገታው መጥቶ «ኑ ስለ ዳገቱ እንምከር» ቢል ማን ያምነዋል?

4. ስንዴና ዘይት

በ1970ዎቹ በመላው ወሎ ትልቅ የአፈር ጥበቃ ሥራ ተጀመረ። የዓለም የምግብ ፕሮግራም እህል ያመጣል፤ የግብርና ሚኒስቴር ባለሙያ ይመድባል፤ የገበሬ ማኅበሩ ሰው ያወጣል። በቀን ሥራ 3 ኪሎ እህልና 120 ግራም ዘይት ይከፈል ነበር። እርከን ተሠራ፤ ችግኝ ተተከለ፤ ኮረብታ ከእርሻና ከግጦሽ ተከለለ። ሳይንሱም አልጎደለም፤ በአውሮፓ 1981 ከደሴ በስተደቡብ ምሥራቅ ማይባር ላይ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተቋቁሞ በ113 ሄክታር ተፋሰስ ላይ ዝናቡን፣ ጎርፉንና የሚታጠበውን አፈር መመዝገብ ጀመረ። ከእንዲህ ዓይነት ጣቢያዎች በተገኘው መረጃ ተመሥርቶ የስዊሱ ሐንስ ሁርኒ ከሚታረስ መሬት በዓመት በሄክታር 42 ቶን ያህል አፈር እንደሚሄድ ገመተ። በአውሮፓ 1986 የተጠናቀቀው የደጋው መሬት ጥናት ደግሞ የመላውን ደጋ ኪሣራ በዓመት 1.9 ቢሊዮን ቶን ብሎ አስቀመጠው።

በዚሁ መካከል የ1977ቱ ረሃብ መጣ። ኮረምና ባቲ ስማቸው በዓለም ተሰማ። መንግሥት በኅዳር 1977 ሕዝቡን ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ አሰፍራለሁ ብሎ ተነሣ፤ 600,000 ያህል ሰው ሰፈረ፤ አብዛኛው የተወሰደው ከወሎ ነበር። ደሳለኝ ራህማቶ ከዚህ ረሃብ በኋላ ገበሬው እንዴት ተረፈ የሚለውን ያጠኑት በዚሁ በአምባሰል አውራጃ ነው። ጥናታቸው በመጽሐፍ ወጥቷል፤ ማንም የታሪክ ተማሪ ሊያነበው ይገባል። ከዚያ መጽሐፍ የምንማረው ዋናው ነገር ገበሬው በረሃብ ጊዜ እጁን አጣጥፎ እርዳታ የሚጠብቅ አለመሆኑን ነው። የሚዘራውን ይለውጣል፤ ወጪውን ይቀንሳል፤ ከብቱን በተራ ይሸጣል፤ ዘመዱ ዘንድ ይሄዳል። ባጭሩ ያቅዳል። ለገበሬው ዕቅድ እናስተምረው ሲሉ የነበሩት ሰዎች ይህን አላዩም።

አለማየታቸው ምን አመጣ? የእርከኑ ሥራ የሚታቀደው ከ30,000 እስከ 40,000 ሄክታር በሚሸፍን ትልቅ ተፋሰስ ነበር። የማኅበሩ የ800 ሄክታር ችግር በዚህ ተፈታ ሊባል ይችል ይሆናል፤ ተፋሰሱ ወሰኑን ሁሉ ይሻገራልና። ነገር ግን ካርታው የተዘጋጀው በቢሮ ነው። ገበሬው የሚያውቀው ስንዴውንና ዘይቱን ነው። እርከኑ የማን ነው ቢባል «የመንግሥት» ይላል። የተከለለው ኮረብታ የማን ነው? የመንግሥት። ከኮረብታ ቤቱን አንሥቶ ወደ ሜዳ እንዲወርድ የተደረገው ገበሬ ደግሞ ችግኙን እንደ ጠላት ቢያየው ይፈረድበታል? «ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፤ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት» ይባላል። ያ ኮረብታ ለገበሬው እንዲሁ ነበር፤ ያባቱ መሬት ነው፤ ግን አይነካውም።

ወሰኑም በሥራ ላይ ጉዱን አሳየ። ይህን ማኅበር ኮረብታህን ክለል ይሉታል፤ ይከልላል። ከብቱስ? ከብት በአዋጅ አይጾምም። ወዲያ ማዶ ወዳለው ማኅበር ግጦሽ ይነዳል። በዚያ የነበረው ሣር በአንድ ክረምት ያልቃል፤ አፈሩ ይራቆታል፤ ጎርፉ ይነሣል፤ ጎርፉም ተመልሶ ወደ ታች ወርዶ እርከን የሠራውን ማኅበር ማሳ ይጠርጋል። አንዱ ቢተጋ ሌላው ቢያንቀላፋ ውጤቱ ይህ ነው።

5. ከ1983 በኋላ

በየካቲት 1982 ደርግ ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጅ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በአንድ ጀምበር ፈረሱ። በ1983 መንግሥቱ ራሱ ሲወድቅ በመንግሥት መካከል በነበረው ክፍተት በብዙ ቦታ የማኅበር ደን በመጥረቢያ ተመነጠረ፤ የተከለለው ለከብት ተለቀቀ፤ እርከን ተናደ። ብዙ ሰው ይህን «ድንቁርና» ይለዋል። እኔ አይመስለኝም። ገበሬው ያፈረሰው ተራራውን አይደለም፤ ሳይጠየቅ የተሠራበትን ነው ያፈረሰው። ለዚህም ማስረጃ አለ። ዶናልድ ክራሚ የተባለ የታሪክ ሊቅ በ1930ዎቹ (በአውሮፓ) ጣሊያኖች በወሎ ያነሡአቸውን ፎቶግራፎች ይዞ በ1990ዎቹ እነዚያኑ ቦታዎች ቢያይ በብዙዎቹ ላይ ያገኘው የዛፍ ብዛት ከቀድሞው የሚበልጥ ነው። ከየት መጣ? ገበሬው በየጓሮውና በየማሳው ዳር የተከለው ነው፤ ባሕር ዛፍ ነው አብዛኛው። የኔ ነው ያለውን ዛፍ ያሳድጋል፤ የኔ አይደለም ያለውን ይቆርጣል። ነገሩ እኮ ይኸው ነው።

ከዚህ ሁለት መንገድ ተወለደ። አንደኛው መንገድ ዕቅዱን ማሳነስ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ (በአውሮፓ) የግብርና ሚኒስቴርና ፋኦ በሙከራ ጀምረው ከገበሬው ጋር በትንሽ ተፋሰስ ማቀድን አስለመዱ፤ በ1997 ዓ.ም. የወጣው የማኅበረሰብ ተፋሰስ ልማት መመሪያም የዕቅዱን መጠን ከ200 እስከ 500 ሄክታር አደረገው። መመሪያው ራሱ የቀድሞው የትልልቅ ተፋሰስ ዕቅድ የከሸፈው ሕዝቡ ስላልተሳተፈና ስፋቱ ከእጅ ስለ ወጣ መሆኑን ይናገራል። ይህ ትልቅ የእምነት ቃል ነው፤ መሥሪያ ቤቶች እንዲህ ያለውን ሲናገሩ ብዙ አይሰማም።

ሁለተኛው መንገድ ይዞታን ማስመዝገብ ነው። በአማራ ክልል የገጠር መሬት አዋጅ በ1992 (ቁጥር 46)፣ ቀጥሎም በ1998 (ቁጥር 133) ወጣ። የይዞታ ምዝገባ በሙከራ ከተጀመረባቸው ሁለት ቦታዎች አንዱ ከሐይቅ ብዙ በማይርቀው በደሴ ዙሪያ ወረዳ የገራዶ ቀበሌ ነው። ገበሬው ደብተር ያዘ፤ የባልና የሚስት ስም ተጻፈበት። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መሬቴ ነገ ይወሰድብኛል እያለ በየክፍፍሉ ሲሰጋ የኖረ ሰው እርከን የሚሠራበት ልብ የሚያገኘው ከዚህ ነው። ነገር ግን ደብተር የግል ማሳን ይገልጻል እንጂ ማሳዎቹ በጎርፍ እንዴት እንደሚተሳሰሩ አይነግርም።

የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 456/1997 ግን ይህን የነካ ነው። አንቀጽ 13 የመሬት አጠቃቀም መሪ ዕቅድ በተፋሰስ ላይ ተመሥርቶ እንዲወጣ ያዝዝ ነበር። ተዳፋትንም ለይቷል፦ ከ60 ከመቶ በላይ ተዳፋት ያለው መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ አይውልም፤ ለዛፍ፣ ለቋሚ ተክልና ለመኖ ይውላል፤ ከ31 እስከ 60 ከመቶ ያለው ዓመታዊ ሰብል የሚዘራበት የደረጃ እርከን ከተሠራበት ብቻ ነው። እነሆ ጥሩ ሕግ! ታዲያ በአምባሰል ዳገት ላይ የቆመ ገበሬ ይህን ሰምቶ ምን ይላል? «እሺ፤ ልጆቼን ምን ላብላቸው?» ይላል። ሕጉ ስለ ተዳፋቱ ያውቃል፤ ስለ ሰውዬው ግን መልስ የለውም። ይኸው አዋጅ ራሱ በ2016 በወጣው በአዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል፤ የገበሬው ጥያቄ ግን አልተተካም።

6. የስፋት ጉዳይ ብቻ አይደለም

እስከዚህ ያየነውን ብንሰበስበው እንዲህ ይሆናል። ጃንጥራሩ ሰፊ ግዛት ነበረው፤ ዕቅድ አልነበረውም። ቅሬው ሕግ ነበረው፤ ስፋት አልነበረውም። አዋጅ 31 በ800 ሄክታር ቆራረጠው። ሚኒስቴሩ በ40,000 ሄክታር ጠቀለለው። መመሪያው በ500 ሄክታር አሳነሰው። ሁሉም ስለ ስፋት ተጨነቁ። እኔ ግን ጥያቄው የስፋት ብቻ አይመስለኝም። ጥያቄው «የላይኛው ሰው የሚያጣውን ማን ይከፍለዋል?» ነው።

ለዚህ ሁለት ምሳሌ ላቅርብ። አንዱ ከራሳችን ነው። በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። ሸለቆውን በሙሉ ከላይ እስከ ታች በአንድ አካል ማስተዳደር፤ ከዚህ የበለጠ ማስተባበር የት ይገኛል? ሚሌ የሚገባው ወደዚያው ወንዝ ነው። ነገር ግን ሲታቀድ የአፋሩ አርብቶ አደር አልተጠየቀም። በበጋ የሚሸሽበት የወንዝ ዳር ግጦሽ ለጥጥና ለሸንኮራ ተሰጠ። የ1965ቱ ድርቅ ሲመጣ ከብቱ መሸሻ አጣ፤ አፋሩ አለቀ። ያለ ሕዝብ የተደረገ ማስተባበር ይህን ያመጣል።

ሌላው ከሕንድ ነው። ቻንዲጋር ከተማ ሱክና የሚባል ሰው ሠራሽ ሐይቅ አላት፤ በአውሮፓ 1958 ተሠርቶ ብዙም ሳይቆይ በደለል ይሞላ ጀመር። ባለሙያዎች ደለሉን ሽቅብ ተከትለው ቢሄዱ ሱኮማጅሪ ከምትባል ድሀ መንደር ደረሱ፤ ተራራውን የሚያራቁቱት የመንደሯ ፍየሎችና ከብቶች ናቸው። ፍየሏን ይከልክሉ? ቢከለክሉ የሚበላ የለም። በ1976 ለመንደሯ ራሷ አነስተኛ የአፈር ግድብ ተሠራላት። ውሃ ያገኘው ገበሬ ምርቱ ሲያድግ ከተራራው ከብቱን ሰበሰበ፤ ውሃውም መሬት ላለውም ለሌለውም በየቤቱ እኩል እንዲከፋፈል ተስማሙ፤ መሬት የሌለውም ሰው ተራራውን መጠበቅ ጠቀመው ማለት ነው። አጥር አልታጠረም፤ ጥበቃ አልተቀጠረም። የታችኛው ሐይቅ የዳነው የላይኛው ሰው ስለ ተጠቀመ ነው።

አሁን ወደ ሐይቅ እንመለስ። ከሐይቁ የሚጠቀመው ማነው? በ1970 ዓ.ም. ገደማ ቆሮሶ ዓሣ ከተጨመረበት ወዲህ ዓሣ አስጋሪው ይጠቀማል። በዳሩ አትክልትና ጫት በመስኖ የሚያለማው ይጠቀማል። ከተማው ይጠቀማል። እንግዳ የሚቀበለው ሁሉ ይጠቀማል። ከላይ ዳገቱን እንዳያርስ የሚነገረው ገበሬ ግን ከሐይቁ አንዲት ዓሣ አይደርሰውም። ታዲያ ስለ ሐይቁ ብሎ ለምን ይራባል? ከታች ያለው ከሚያገኘው ላይ ለላይኛው ካላካፈለ፣ በመኖ ይሁን፣ በችግኝ፣ በንብ ቀፎ፣ በገንዘብ፣ ምንም ዓይነት ካርታ ቢሣል ወረቀት ነው።

ይህን የሚያካፍል ደግሞ ከላይ የተሾመ አካል ብቻውን አይሆንም። አንድ ውሃ የሚጋሩ ቀበሌዎች፣ የተሁለደሬም ይሁኑ የሌላ ወረዳ፣ ከየቅሬያቸው ሰው መርጠው በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ የሚቀመጡበት ጉባኤ ያስፈልጋል። ጉባኤው ስለ ሦስት ነገር ብቻ ይምከር፦ ከብት የት ይሰማራ፤ ከወንዙ ማን መቼ ይጥለፍ፤ ከታች ወደ ላይ ምን ይከፈል። የውሳኔው ኃይል ከወታደር ሳይሆን ከቅሬ ይምጣ። ባለሙያው በጉባኤው ይቀመጥ፤ ይምከር፤ ተዳፋቱን ይለካ፤ የመጨረሻውን ቃል ግን አይናገር። ይህ አዲስ ፈጠራ አይደለም። ቅድም እናስታውሰው ያልሁትን ክፍተት፣ በመንደሩና በግዛቱ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ፣ የአገሩ ሰው በለመደው ነገር መሙላት ነው። ቀላል ነው አልልም። ቅሬ ከቅሬ ጋር በግጦሽ የተጣላበት ቦታ ሞልቷል፤ የወረዳ ወሰን ያቆራረጠው ጉዳይም አለ። ግን እስከ ዛሬ ከተሞከሩት መካከል ገበሬው የኔ ብሎ ሊይዘው የሚችለው ይህ ይመስለኛል።

7. ለእኛ

በመጨረሻ ለጓደኞቼ አንድ ቃል አለኝ። በ1967 ገመድ ይዘው የወጡት ተማሪዎች የእኛ ዓይነት ወጣቶች ነበሩ። ብዙዎቹ ሕይወታቸውን ያጡ ናቸው፤ እነርሱን መውቀስ ለእኔ አይቀናኝም። የጠየቁት ጥያቄ፣ «መሬት ለማን?» የሚለው፣ ትልቅ ጥያቄ ነበር። የቀረው ጥያቄ ለእኛ ነው የተተወው፤ «ከተከፋፈለ በኋላ በመሬቱ እንዴት አብረን እንኑር?» የሚል ነው። ይህኛው መፈክር አይሆንም፤ በሰልፍ አይጮኽም። በአንድ ቀን በገመድ አይለካም። እየሄዱ መጠየቅን፣ ከሽማግሌ ጋር መቀመጥን፣ ጎርፉ ከየት እንደ ተነሣ ሽቅብ ተከትሎ ማየትን ይጠይቃል።

ስለዚህ ከመካከላችን ለክረምት ወደ ወሎ የሚሄድ ካለ አንድ ነገር ያድርግ። ዝናብ ባባራ ማግሥት ሐይቁ ዳር ይቁም፤ የሚገባውን የወንዝ ውሃ ቀለም ይመልከት። ቀይ ከሆነ፣ ያ ቀይ ነገር የአንድ ገበሬ ማሳ ነው፤ ምናልባትም የልጆቹ የሚመጣው ዓመት ምሳ ነው። ከዚያም ውሃውን ተከትሎ ሽቅብ ይውጣ። በመንገዱ ስንት ቀበሌ እንደሚያልፍ ይቁጠር። እየቆጠረ በሄደበት ሁሉ «ከታች ካሉት ጋር ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ?» ብሎ ይጠይቅ። የሚያገኘውን መልስ ይጻፍልን፤ በዚሁ መጽሔት እናወጣዋለን።